ዕጣ ሁሉ ዕቁብ አይደለም

ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በካርቱም ዴም ሰፈር ወደ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ጎራ ያለ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ጉባኤ ሊያገኝ ይችል ነበር። በፊት ለፊቱ ክፍል ጀበናው ተጥዶ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ዕቁብተኞች ይሰበሰባሉ። ጸሐፊው ደብተሩን ይገልጣል፤ ዳኛው የተጠቀለሉትን ወረቀቶች ጣሳ ውስጥ ጨምሮ ይነቀንቃል፤ አንድ ሕፃን ተጠርቶ ከመካከላቸው አንዱን ያወጣል። ስም ይነበባል፤ እልል ይባላል። በኋለኛው ክፍል ደግሞ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ድምፅ ተቀንሶ፣ ካርታ ይበወዛል። እዚያም ዕጣ አለ፤ እዚያም ገንዘብ ይሰበሰባል፤ እዚያም አንዱ ጠቅልሎ ይወስዳል። በፊተኛው ክፍል የተቆጠረው ብር ሳይመሽ ወደ ኋለኛው የሚሻገርበት ቀንም ነበር።

ይህን መሻገር ቀላል የሚያደርግ አንድ አነጋገር አለ። «ያው ነው፤ ሁሉም ዕጣ ነው» ይባላል። አለፍ ሲልም «ስደት ራሱ ቁማር አይደለም ወይ? በረሃ አቋርጦ እዚህ የደረሰ ሰው ካርታ ቢይዝ ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚል ፍልስፍና ይታከልበታል። አነጋገሩ ብልህ ይመስላል። የተሸነፈውን ያጽናናል፤ ያሸነፈውን ያስከብራል፤ አጫዋቹን ደግሞ ከተጠያቂነት ነጻ ያወጣል። ይሁን እንጂ ሐሰት ነው። ሐሰትነቱን ለማወቅ ስብከት አያስፈልግም፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

የጣሳው ዕጣና የካርታው ዕጣ

ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 10,000 የሱዳን ፓውንድ ይጥላሉ እንበል። የአንዱ ሳምንት ድምር 200,000 ይሆናል። ሃያው ሳምንት ሲያልቅ እያንዳንዱ ዕቁብተኛ 200,000 ከፍሏል፤ እያንዳንዱም 200,000 ተቀብሏል። ለዳኛውና ለጸሐፊው ድካም ከምትነሣው ጥቂት ገንዘብ በቀር የጎደለ ነገር የለም። ጣሳው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል። ዕጣ የወጣለት ሰው ደግሞ ገንዘቡን የሚቀበለው ዋስ ጠርቶ ነው፤ ምክንያቱም የቀሩትን ሳምንታት እንደሚከፍል አንድ ሌላ ሰው በስሙ መቆም አለበት። በካርቱም ሱዳናውያን ሴቶች «ሰንዱቅ» የሚሉት ማኅበርም በዚሁ ሥርዓት የሚሄድ በመሆኑ፣ ሐበሻዋ የቤት ሠራተኛና ሱዳናዊቷ ሻይ ሻጭ ቋንቋ ሳይገናኙ እንኳ በዚህ ጉዳይ ይግባባሉ።

አሁን ወደ ኋለኛው ክፍል ይታለፍ። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 10,000 ይዘው ይቀመጣሉ፤ ጠረጴዛው ላይ በጠቅላላው 50,000 አለ። በየዙሩ 5,000 ይሰበሰባል፤ የቤቱ ባለቤት ለመብራቱ፣ ለሻዩና ለመጋረጃው ከመቶ አምስት፣ ማለትም 250 ያነሣል። ትንሽ ናት፤ ማንም አይቆጥራትም። ሌሊቱን ሙሉ 100 ዙር ከተጫወቱ ግን 25,000 ከጠረጴዛው ላይ ተንኗል። ሊነጋጋ ሲል አምስቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ሁሉም ተበልቻለሁ ይላል፤ ሌላው በልቶኛል ብሎ ይጠረጥራል። ጥል የሚነሣውም በዚህ ጊዜ ነው። ግማሹን ገንዘብ ማንም ተጫዋች አልወሰደውም፤ አንድም ካርታ ያልያዘው ሰው ወስዶታል።

የአማርኛ ቋንቋ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። ዕቁብ «ይደርሳል»፤ ተራው ሄዶ ሄዶ ወደ ሰውየው ይመጣል። በቁማር ግን ያሸነፈ «በላ» ይባላል፤ የተሸነፈ «ተበላ»። ቃሉ የሚናገረው እውነቱን ነው፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንዱ የሚጠግበው ሌላው ሲጎድል ብቻ ነው። «ቁማር» የሚለው ስም ከዐረብኛው «ቂማር» ጋር አንድ ነው። ቁርኣን ከወይን ጠጅ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ የሚያወግዘው «መይሲር» የተባለው ጨዋታ ደግሞ ስሙን ያገኘው ቅለትን ከሚያመለክት ሥር መሆኑን ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። ያለ ድካም የሚገኝ፣ ቀላል ማለት ነው። በሐዋርያት ስም የሚጠራው ጥንታዊ የክርስቲያኖች ቀኖናም ዛራ የሚጥልና የሚሰክር ካህን ከሥልጣኑ እንዲሻር ያዛል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ቁማርን ከስካር ጋር ማጣመራቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ አእምሮን የሚወስድበት መንገድ ተመሳሳይ መሆኑን አይተዋል።

«ኳስ እኮ ዕውቀት ነው»

ወጣቱ ትውልድ በዚህ ላይ መልስ አለው። «ካርታ የሽማግሌዎች ነው፤ የእኛ የስፖርት ውርርድ ነው። ኳስ ደግሞ ዕድል ብቻ አይደለም፤ ዕውቀት ይጠይቃል» ይላል። እውነት ነው፣ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ከተጫዋቾቹ ጉዳት እስከ አሠልጣኞቹ ጠባይ ድረስ በቃሉ የሚያውቅ ወጣት በአዲስ አበባም በካርቱምም ሞልቷል። ነገር ግን ያ ዕውቀት አቋማሪው ዘንድም አለ፤ ኦዱ ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል። ተጫዋቹ ዕውቀቱን ይዞ የሚሄደው ዋጋው በዚያው ዕውቀት ወደ ተተመነበት ሱቅ ነው፤ ባለሱቁ ደግሞ ትርፉን በላዩ ላይ ጨምሯል።

ትርፉ ምን ያህል እንደሆነ በብዙዎች ዘንድ በተለመደው የአሥር ጨዋታ ትኬት ማየት ይቻላል። የመሆንና ያለመሆን ዕድላቸው እኩል የሆነ አሥር ውጤቶች ተመርጠው፣ ለእያንዳንዱ 1.85 ኦድ ተሰጠ እንበል። አሥሩም ከተሳካ የ10 ብር ትኬት 4,696 ብር ያህል ያስገኛል። የሚያስጎመጅ ቁጥር ነው። አሥሩም በአንድነት የሚሳካበት ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ዋጋው ሚዛናዊ ቢሆን ኖሮ ክፍያው 10,240 ብር መሆን ነበረበት። ከግማሽ በላይ የሆነው ገንዘብ ኳሱ ገና ሳይነካ ተወስዷል ማለት ነው። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ የጣለው የ15 በመቶ ግብር ሲታሰብበት፣ ያ 4,696 ብር ወደ 3,990 ገደማ ይወርዳል።

በዚሁ ስሌት ውስጥ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ከአሥሩ ዘጠኙ ተሳክቶ አንዱ ብቻ የሚከሽፍበት ዕድል፣ አሥሩም ከሚሳካበት በአሥር እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ «በአንዷ ጨዋታ ተቃጠልኩ» የሚል ሰው ካሸነፈው ሰው ይልቅ ሁልጊዜ ይበዛል። ያ ሰው ሽንፈቱን እንደ ሽንፈት አይቆጥረውም፤ ለድል አንድ እርምጃ እንደ ቀረው ይሰማዋል። ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ጨዋታው ውሸት አልነገረውም፤ የራሱ ልብ እንድትዋሸው ግን አመቻችቶ ሰጥቶታል።

በስልክ መስታወት ላይ ትንሿ አውሮፕላን ወደ ላይ እየወጣች ሳታመልጥ ገንዘብን አንሡ የሚለው ጨዋታ ደግሞ ከዚህም የፈጠነ ነው። አቋማሪው በየዙሩ ከመቶ ሦስት ብቻ ይወስዳል ቢባል እንኳ፣ ያለውን ሁሉ እያገላበጠ 20 ዙር የተጫወተ ሰው በአማካይ የሚተርፈው ከመቶው 54 ነው፤ 50 ዙር ከተጫወተ 22 ያህል። ዙሩ ደግሞ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ካርታው ሌሊት ሙሉ ይፈጅበት የነበረውን ሥራ አውሮፕላኗ በአንድ የቡና ሥርዓት ጊዜ ትጨርሰዋለች።

«ማስመለስ» የሚባለው ቃል

ሰው በተሸነፈ ጊዜ ተነሥቶ ቢሄድ ኖሮ ቁማር ብዙ ቤት ባላፈረሰ ነበር። የሚያፈርሰው «ላስመልስ» የምትለው ቃል ናት። የተበላውን ለማስመለስ የሚጫወት ሰው ከጨዋታው ደስታ እንኳ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሌሊቱ እንዳልነበረ እንዲሆን ነው። የኪራዩን ገንዘብ ለማስመለስ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ያስይዛል፤ ያንን ለማስመለስ ይበደራል፤ ብድሩን ለመመለስ የዕቁብ ተራውን ከዋጋው በታች ይሸጣል። በየደረጃው «ከዚህ በኋላ ዕድሌ መዞር አለበት» ይላል።

ዕድል ግን የመዞር ግዴታ የለባትም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት በአንድ የሩሌት ጠረጴዛ ላይ ኳሷ ተከታትላ 26 ጊዜ ጥቁር ላይ አረፈች። ተጫዋቾቹ ጥቁር በተደጋገመ ቁጥር «አሁንስ ቀይ ነው» እያሉ ገንዘባቸውን ቀይ ላይ ከመሩ፤ እጅግ ብዙ ፍራንክም ተበላ። ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም፤ ለተበላውም አታዝንም። የሚያስታውሰውና የሚያዝነው ሰው ነው፤ ቤቱም የሚነግደው በዚሁ ትዝታና ሐዘን ነው።

ይህን ማወቅ ያድናል ወይ? የሩሲያው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ ስለ ቁማርተኛ ልብ ከማንም የበለጠ ያውቅ ነበር። «ቁማርተኛው» የተባለውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1866 ዓ.ም. አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በቃሉ እየተናገረ ያስጻፈው ዕዳ ስላስጨነቀው ነበር። ጸሐፊዋን አናን በማግሥቱ ዓመት አገባት፤ ከዚያም ጀርመን አገር የእርሷን ጌጥና ልብስ እያስያዘ ተጫወተ። በሽታውን በመጽሐፍ የተነተነ ሰው በሽታው ውስጥ አራት ዓመት ተጨማሪ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1871 ዓ.ም. ቪዝባደን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተበላና ተወ። ወደ አገሩ ሲመለስ ዕዳውንና የመጻሕፍቱን ኅትመት አና በእጇ አደረገች፤ የጀርመን ቁማር ቤቶችም እ.ኤ.አ. በ1872 ዓ.ም. መጨረሻ በሕግ ተዘጉ። ውሳኔው የራሱ ነበር። ውሳኔው እንዲጸና ያደረጉት ነገሮች መካከል ግን ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ መሆኑና በሩ መዘጋቱ ይገኙበታል።

ዛሬ ሕክምናውም ወደዚሁ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የቁማር ሱስ እንደ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ ሱሶች በአንድ ክፍል ተመድቧል። ስለዚህ «ወንድ ከሆነ ይተው» የሚለው ፍርድ ወባ የያዘውን ሰው «ወንድ ከሆንክ አትንቀጥቀጥ» ከማለት ብዙም አይሻልም።

የተከለከለ ነገር የሌለ ነገር አይደለም

በሱዳን ቁማር በሕግ የተከለከለ ነው። በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግን ባወጁ ጊዜ መጠጥ ወደ አባይ ሲደፋ፣ ቁማርም አብሮ ተወገዘ፤ የ1991ዱ የወንጀል ሕግም ክልከላውን አጸና። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ የማኅበረሰቡ ታላላቆች «እዚህ አገር እኮ የተከለከለ ነው» በማለት ጉዳዩን ይዘጉታል። መጋረጃው የተጋረደው ግን ለምን እንደሆነ አይጠይቁም።

ክልከላ ብቻውን ሲቆም ለስደተኛው ሁለት ዕዳ ይሆንበታል። የመኖሪያ ፈቃዱ ያለቀበት ወይም ጨርሶ የሌለው ሰው በተጭበረበረ ካርታ ቢበላ ወዴት ይከሳል? ባለገንዘቡ እቤቱ ድረስ መጥቶ ቢያስፈራራው ለማን ይናገራል? ፖሊስ ጋ ቢሄድ በመጀመሪያ የሚታሠረው እርሱ ነው። ለሚስቱ ቢናገር ያፍራል፤ ለዕቁቡ ቢናገር ይባረራል። እንግዲህ የኋለኛው ክፍል ባለቤት ከሕጉ የሚያገኘው ጥቅም አለ ማለት ነው፤ ደንበኞቹን ሁሉ ዝም ያሰኝለታል። መጋረጃ ባለበት የዕድሜ ገደብ የለም፤ የመዝጊያ ሰዓት የለም፤ የመጫወቻ ገንዘብ ጣሪያ የለም።

የሚበላው ገንዘብስ የማን ነው? ብዙውን ጊዜ የተጫዋቹ ብቻ አይደለም። ከንጋት እስከ ማታ የሰው ቤት ስትጠርግ የዋለች እኅት ለእናቷ እንዲልክላት ለወንድሟ የሰጠችው ነው። በካርቱም ሙቀት ከከሰል ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብላ ሻይ ስትሸጥ የዋለች ሴት በዕቁብ ያጠራቀመችው ነው። ባሏ በዕቁቡ ዋስ የሆነለት ጓደኛ ገንዘቡን ወስዶ በተበላ ጊዜ የጎደለውን የምትከፍለው እርሷ ናት፤ በእጇ ካርታ ይዛ አታውቅም። «የገዛ ገንዘቤ ነው፤ ማን አገባው» የሚለው ክርክር በዚህ ላይ ይወድቃል። በዋስትና ላይ በቆመ ማኅበረሰብ ውስጥ የማንም ገንዘብ የብቻው አይደለም።

ከዚያም ጦርነቱ መጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የትንሣኤ ዋዜማ ነበር፤ ለሙስሊሙም የረመዳን ጾም ነበር። የዴም ቡና ቤቶች ፊተኛውም ኋለኛውም ክፍል ባዶ ቀረ። የዕቁብ ደብተሮች በየቤቱ ተቀበሩ፤ ተራቸው ያልደረሰ ሰዎች ገንዘባቸውን ሳያገኙ በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ ሌሎች ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ መሄጃ ያጡት እዚያው ቀሩ። በአንድ ሌሊት የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ያጣ ሰው «ማስመለስ» የምትለውን ቃል ከማንም በላይ ለመስማት የተዘጋጀ ሰው ነው።

ቃሏም ስልክ ውስጥ ጠበቀችው። በካርቱም ጥሬ ገንዘብ በጠፋበት ጊዜ የካርቱም ባንክ «ባንካክ» የተሰኘው የስልክ መተግበሪያ የብዙ ሰው ኪስ ሆነ፤ በኢትዮጵያ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሁለቱም መልካም አገልግሎቶች ናቸው፤ ደመወዝ ይገባባቸዋል፤ እናት ትጦርባቸዋለች። ነገር ግን ገንዘቡና የቁማሩ በር በአንድ ስልክ ውስጥ ተገናኙ። ድሮ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ የጎረቤት ዓይን አልፎ ወደ መጋረጃው ይሄድ የነበረ ሰው፣ ዛሬ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ በአውራ ጣቱ ይበላል። ያ የመንገድ ርዝመት ስንት ሰው አድኖ እንደነበር የታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው።

ዳኛው ራሱ ሲጫወት

ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ደግሞ ተቃራኒውን አገኘ። እዚያ መጋረጃ አያስፈልግም። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው ለልማት የሚውል ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ቲኬት በዓመት አንድ ጊዜ ገዝቶ ደረት ኪስ ውስጥ የሚያኖር አባወራ ብዙም አልተጎዳም። በኋላ ግን ይኸው መሥሪያ ቤት ለስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ፈቃድ ሰጪ ሆነ፤ የውርርድ ቤቶች በየመንገዱ፣ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ሳይቀር በቀሉ። ከጨዋታው ገቢ የሚያገኝ አካል የጨዋታው ዳኛ መሆን አይችልም። ሕዝቡ ሲያጉረመርም በአዲስ አበባ የውርርድ ቤቶች በብዛት የታሸጉባቸው ጊዜያት ነበሩ። ማሸጉ የሚያስመሰግን ነበር፤ ግን በሩ ሲታሸግ ስልኩ አልታሸገም።

በዚህ መካከል «በኃላፊነት ይጫወቱ» የሚል ማስታወቂያ ይነበባል። ደግ ምክር ይመስላል። በውስጡ ያለው መልእክት ግን «ብትጠፋ ጥፋቱ ያንተ ነው» የሚል ነው። ራሱን መግታት የሚችል ሰው ማስታወቂያው አያስፈልገውም፤ መግታት የማይችለውን ደግሞ ማስታወቂያው አይገታውም።

ይህን የተረዱ አገሮች ከምክር ወደ ሥርዓት ተሻግረዋል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 ገንዘብ የሚጎርሱትን የቁማር ማሽኖች ከየሱቁና ከየጣቢያው ሙሉ በሙሉ አነሣች፤ በ2009 ሌሎችን ስታስገባ የሚበላው ገንዘብ ጣሪያ እንዲኖረው፣ ጨዋታውም በግድ እንዲቋረጥ አድርጋ ነው። ማሽኖቹ ሲነሡ ሕዝቡ በገፍ ወደ ሌላ ቁማር ይሻገራል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አልሆነም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በውርርድ ቤት ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ የሚያዘውን ከ100 ፓውንድ ወደ 2 ፓውንድ አወረደች፤ በማግሥቱ ዓመት በክሬዲት ካርድ መቆመርን ከለከለች። ሲንጋፖር ደግሞ ቁማር ቤት ስትፈቅድ፣ ቤተሰብ አመልክቶ የራሱን ሰው ከቁማር ቤት እንዲያሳግድ የሚያስችል ሥርዓት አብራ ዘረጋች። ሚስት ወይም እናት «ይህን ሰው አታስገቡብኝ» ማለት ትችላለች፤ ቃሏም ኃይል አለው። ከሦስቱ አንዳቸውም የተጫዋቹን ፈቃደ ልቦና ብቻ አልተማመኑም።

ሥርዓቱ በእጅ ላይ ነው

በካርቱም ያለው ሐበሻ መንግሥት እንዲህ ያለ ሕግ እስኪያወጣለት መጠበቅ አይችልም፤ ያለበት አገር መንግሥትም ሌላ ጭንቀት አለበት። ይሁንና ከኖርዌይ ማሽን የማያንስ ሥርዓት በእጁ አለ፤ ዕቁቡ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ቀኑ ነው። ደመወዝ በገባበት ዕለት ኪራይ ከተከፈለ፣ ለቤተሰብ ከተላከ፣ ዕቁብ ከተጣለ፣ ለኋለኛው ክፍል የሚተርፍ ገንዘብ አይኖርም። ቁማር የሚኖረው በደመወዝና በወጪ መካከል ባለው ክፍት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ደንቡ ነው። ዕቁቦች በመተዳደሪያቸው ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ማንም አይጎዳም፤ ዕጣ የደረሰው ሰው አስቀድሞ ካሳወቀው ጉዳይ ውጭ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ እንዳይሰጠው ዋሱ መጠየቅ እንዲችል። ለዕቃ ከሆነ ለሻጩ፣ ለኪራይ ከሆነ ለአከራዩ፣ ለትምህርት ከሆነ ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ይከፈል። ተራን በእርካሽ መሸጥም ያለ ዋሱ ፈቃድ ባይፈቀድ ይገባል። ይህ የሲንጋፖርን ሕግ የሚመስል፣ ግን ጠበቃ የማያስፈልገው ሕግ ነው።

ሦስተኛው ቤተሰቡ ነው። ችግሩን አምኖ የመጣ ሰው ሁለት ነገር ይገባዋል፤ አለመዋረድና ገንዘብ በእጁ አለማግኘት። ዕዳውን ሰብስቦ በአንድ ጊዜ የከፈለለት ወንድም ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያደረገው ለአዲስ ዕዳ ቦታ መጥረግ ነው። ይልቁን ደመወዙን ለጥቂት ወራት የሚያምነው ሰው ይያዝለት፤ የስልክ ገንዘቡ የዕለት ጣሪያ ዝቅ ይበል፤ የውርርዱ መተግበሪያ ከነአካውንቱ ይዘጋ። ተስፋ መቁረጥ የታየበትን፣ ሞትን የሚያነሣውን ሰው ደግሞ ብቻውን አለመተውና ሐኪም ወይም የሃይማኖት አባት ዘንድ አብሮ መሄድ የጎረቤት ግዴታ ነው።

አራተኛው የቡና ቤቱ ባለቤት ነው። ለሻይ ሒሳብ ዳማ የሚጫወቱ ሁለት ሽማግሌዎችን የሚከስ የለም። ከየዙሩ ድርሻ የሚያነሣ ባለቤት ግን አስተናጋጅ አይደለም፤ አቋማሪ ነው። ማኅበረሰቡ ፖሊስ መጥራት አይፈልግ ይሆናል፤ ዕቁቡን ከእርሱ ቤት ማንሣት ግን ይችላል። የእሑዱ ቡና፣ የእሑዱ ምሳ፣ የእሑዱ ደንበኛ አብሮ ይነሣል። ያኔ ባለቤቱ ከሁለቱ ክፍሎች የትኛው እንደሚያኖረው በራሱ እርሳስ አስልቶ ይደርስበታል።

ከጦርነቱ በኋላ በካርቱምም፣ በመተማም፣ በአዲስ አበባም የተበተኑ ዕቁቦች እንደገና እየተጠራሩ መጀመራቸው አይቀርም። አንዳንዱ የጠፋበትን ደብተር በቃሉ ያስታውሳል፤ ያልደረሳቸውን ሰዎች ስም ይቆጥራል። የመጀመሪያው እሑድ ጣሳው ከመነቅነቁ በፊት ያ አንቀጽ ተነብቦ ቢጸድቅ፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም።